የአሸንዳው አንበሳ

የአንበሳው አፍንጫ እርጥብ ነበር።

ፍሮኒ ጣቷን አሸተተች። ሙጫ ነው። ጎንበስ ብላ ስታይ ከድንጋዩ አፍንጫ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አገኘች። ትናንት ከግቢው ስትወጣ ይህ መስመር አልነበረም።

«ኮርቢኒያን! ይሄን ነክተኸዋል እንዴ?»

የክፍል ጓደኛዋ ወለሉን እየጠረገ ነበር፤ ቀና አላለም። «እኔ? ምን በወጣኝ!»

ኮርቢኒያን ትምህርት ሲዘጋ ሥራ ልልመድ ብሎ ነው በሬገንስቡርግ ከተማ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ጎን ወዳለው የድንጋይ ጠራቢዎች ግቢ የመጣው። ፍሮኒ ግን ከዚያ በፊትም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ስትጠርብ ኖራለች። አንበሳው የመጀመሪያው የራሷ ሥራ ነው። ዝናብና ውርጭ ፊቱን የበላውን የጥንቱን አንበሳ ተክቶ ነገ በክሬን ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ እንደ አሸንዳ የጣሪያውን ውሃ በአፉ ይተፋል። አባቷ ይህን ለማየት ከሥራ ፈቃድ ወስዷል።

«ሙጫው ገና አልደረቀም እኮ» አለች። «ወይ አንተ ነህ፣ ወይ አንበሳው ጉንፋን ይዞታል።»

ኮርቢኒያን ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው ፊቱ ቀላ። «ጠዋት ቀድሜሽ ገባሁ። ጣውላ ተሸክሜ ስዞር ጫፉ መታው። በናትሽ ፍሮኒ፣ አታካብጂው! እዚያ ላይ ከእርግብ በቀር ማን ያየዋል? ማንም አይነቃበትም።»

«ውሃው በስንጥቁ ይገባል፤ የውርጩ ወቅት ሲመጣ በረዶ ሆኖ ይገፋዋል። አንድ ቀን አፍንጫው ሰው ራስ ላይ ይወርዳል። ከሥሩ የብስክሌት ማቆሚያ ነው እኮ!»

«ከተናገርሽ ያባርሩኛል።»

ይህን እንዳለ የግቢው አለቃ ወይዘሮ ራይዲንገር የተገመጠ ዳቦ ይዘው ገቡ።

«እህ፣ ባለ አንበሳዋ! ለነገ ዝግጁ ነን?»

ኮርቢኒያን መጥረጊያውን እንደጨበጠ ደርቆ ቀረ።

«አይደለንም» አለች ፍሮኒ። «አፍንጫው ተሰብሯል። በሙጫ ተጣብቆ እንዲወጣ አልፈልግም። ፊቱን በሙሉ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አስገብቼ እንደገና እጠርበዋለሁ።»

ወይዘሮ ራይዲንገር ማኘካቸውን አቆሙ። «ዓይኖቹም አብረው ይሄዳሉ እኮ። እነዚያን ዓይኖች ድገሚ ብባል እኔም እፈራለሁ።»

«እኔ አልፈራም። አንድ ሳምንት ብቻ ይስጡኝ።»

«ማን ሰበረው?»

ፍሮኒ ጣቷ ላይ የቀረውን ሙጫ በልብሷ ጠረገች። ይህን መመለስ የእሷ ድርሻ አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለ ኮርቢኒያን ወለሉን እያየ። «ሙጫውንም የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩት። «እዚህ ግቢ ድንጋይ ያልሰበረ የለም። ያናደደኝ ሙጫው ነው። ይህን ሳምንት መሮ አትይዝም፤ እሷ ስትጠርብ አንተ አቧራዋን ትጠርጋለህ።» ክሬኑን ለማስቀረት ስልካቸውን እያወጡ ሄዱ።

ኮርቢኒያን ቀስ ብሎ ጠጋ አለ። «አባትሽስ?»

«እደውልለታለሁ። ትንሽ ያጉረመርምና ሳምንት ይመጣል።»

መሮዋን መርጣ አነሳች። የግራውን ዓይን ሽፋን በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ዳሰሰችው። ከዚያ የመሮውን ስለት እዚያው ላይ አስቀመጠች።

«መነጽር አድርግ» አለችው ዞር ሳትል፤ «ፍንጣሪ አለ።»

መዶሻውንም መሮው ላይ አሳረፈች።