የዘገየው ንፍሮ

ታደገ የተገኘው ፊቱ ውሃ ውስጥ፣ እግሩ ድንጋይ ላይ ሆኖ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ በሦስት ምት ተፈርክሷል፤ ሁለት እጁም ወደ ኋላ ተጠፍሯል። ውሻቸውን ሊያናፍሱ የወጡ ኖርዌጃዊት አሮጊት ከሆልምሊያ ሰፈር ቁልቁል ባለው የመዋኛ ዳርቻ ሲያገኙት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። የኦስሎ የሐምሌ ፀሐይ እንቅልፍ የላትምና ደሙ ድንጋዩ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል።

አፀደ አስከሬኑ አጠገብ የቆመችው ወዳ አልነበረም። ደሴ ፖሊስ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ወንጀል መርምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በ1988 ዓ.ም. ክረምት የአገሯን ዝናብና ጭቃ ሸሽታ፣ የልጅነት ጓደኛዋን ጌጤን ልትጠይቅና አውሮፓን በዓይኗ ልታይ መጣች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙዚየሙን አዳርሳለች፣ በመርከብ ዞራለች፤ መናፈሻው ውስጥ ራቁታቸውን የቆሙትን ሐውልቶች አይታም «ምነው፣ ነጠላ የሚጥልባቸው ዘመድ የላቸውም?» ብላ ጌጤን በሳቅ ገድላታለች። ሟቹም እንደሷ እንግዳ ነበር፤ ከፍራንክፈርት ለሽርሽር የመጣ፣ የጌጤ ባል የበየነ ወዳጅ፣ ጎህ ሲቀድ መዋኘት የሚወድ። ኪሱ ውስጥ የጌጤ ስልክ ቁጥር ተገኘ። በየነ የንጋቱን ፈረቃ አውቶቡስ እየነዳ ስለነበር፣ ጌጤ ደግሞ ሬሳ ማየት ስለማትችል፣ ሟቹን ለመለየት አፀደ ሄደች።

ጎንበስ ብላ የእጁን ቋጠሮ አየች። ገመዱ አንጓውን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ በአውራ ጣቶቹ መካከል ሾልኮ ተቋጥሯል፤ የታሰረው ሰው በታገለ ቁጥር እየጠበቀ የሚሄድ ዓይነት ነው። ይህን ቋጠሮ ታውቀዋለች። ገመዱን ሳትነካ ቀና አለች።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ጌጤ ሳሎን ውስጥ ነበሩ። ጢሙ ብጫ የሆነው ኢንስፔክተር የጌጤን ታናሽ ወንድም ኃይለአብን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ያፋጥጠዋል። ኃይለአብ እናታቸው ስትሞት ጌጤ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው።

«ገመዱ ኃይለአብ ከተከራየው ጀልባ የወጣ ነው ይላል» አለች ጌጤ ከኖርዌጅኛ እየመለሰች። «ትናንት ታደገን ‹እገልሃለሁ› ማለቱንም ሰምቻለሁ ይላል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ይዤው እሄዳለሁ ነው የሚለው። አፀደዬ፣ ይህን ልጅ ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?»

«እስከ ሦስት ሰዓት ጊዜ አለን። ጥቂት ነገር እንድትጠይቅ ፍቀድላት በይልኝ።»

ኢንስፔክተሩ ትከሻውን ሰበቀ። ለሽርሽር የመጣች አሮጊት ምን ታመጣለች ብሎ መሆን አለበት፣ ፈቀደ።

«ኃይለአብ፣ እገልሃለሁ ያልከው ለምንድን ነው?»

«እትዬ፣ ትናንት የጀልባ ሽርሽሩ ላይ እርስዎም እኮ ነበሩ! ጀልባዋን ሳስር ታደገ ‹ማሰር እንደሱ አይደለም፣ ላሳይህ› ብሎ ገመዱን ነጥቆ እጄን ወደ ኋላ ጠፈረኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ስጮህ ይስቃል! ይኸው።» እጅጌዎቹን ሰበሰበ። ሁለቱም አንጓዎቹ ዙሪያቸውን ተልጠው መዳፎቹ አብጠዋል።

«እስቲ ጨብጥ።»

ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ።

«ገመዱን ከጀልባው ማን አወረደው?»

«እኔ በዚህ እጅ ምን እሸከማለሁ? ዕቃውን ሁሉ ጎረቤታችን ዋጋዬ ናት የያዘችልኝ።»

አፀደ ገና ከሥራ ወደተመለሰው በየነ ዞረች። «ታደገ አገር ቤት ሳለ ሥራው ምን ነበር?»

«እኔንጃ። የተዋወቅነው እዚሁ አውሮፓ ነው። የድሮውን አያነሳም፣ እኔም አልጠይቀውም» አለ በየነ፤ ዓይኑ በእንባ ቀልቷል። «ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። እንደ ውሻ ነው የቀጠቀጡት!»

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል በሩ ተንኳኳ። የመጣችው ዋጋዬ ናት፤ ከላይኛው ፎቅ የምትኖር፣ አረጋውያንን አንስታ በማስተኛት ክንዷ የፈረጠመ፣ ሰው ሲታመም ሾርባ፣ ሲወልድ ገንፎ ይዛ ከሁሉ ቀድማ የምትደርስ ጎረቤት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። በሁለት እጇ አንድ ተራ የብረት ድስት ይዛለች።

«ልቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም ብዬ ነው» አለች። ንፍሮ ነበር።

አፀደ ጭብጥ አድርጋ ዘገነች። «እኔ ከደሴ ያመጣሁልሽ ባቄላና ሽንብራ ነው?»

«እሱው ነው፣ እትዬ።»

«መቼ ጣድሽው?»

«አንድ ሰዓት ላይ ጌጤ ደውላ መርዶውን ስትነግረኝ ነዋ። ደረቁን አጠብ አጠብ አድርጌ በዚሁ ድስት ጣድኩት።»

አፀደ አንዷን ባቄላ በሁለት ጣቷ ጫን አለቻት። ባቄላዋ ቆዳዋ ለቆ ፍርክስ አለች። ይህን ጊዜ አሮጊቷ መርማሪ ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት።

«ሁላችሁም ተቀመጡ» አለች። «ጌጤ፣ ለሰውየው ቃል በቃል ንገሪልኝ። ታደገን የገደለው ሰው ከባድ ድንጋይ ሦስት ጊዜ አንስቷል። ኃይለአብ ማንኪያ እንኳ መጨበጥ አይችልም። በየነ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ አውቶቡስ ላይ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ይመሰክራል። ጌጤ እኔ አጠገብ ተኝታ እስኪነጋ ስታንኮራፋ ነበር። ገመዱን ይዞ የወረደውን ሰምታችኋል። ቋጠሮው ደግሞ የመርከበኛ አይደለም፣ የእስር ቤት ነው። በዚያ በቀይ ሽብር ዘመን ደሴ መንገድ ላይ ተጥለው በሚገኙ ሬሳዎች እጅ ላይ አይቸዋለሁ። ትናንት ጀልባዋ ላይ ታደገ ኃይለአብን በዚያ ቋጠሮ ሲያስረው ሁላችሁም ስትስቁ ሁለት ሰው አልሳቀም። አንዷ ባሕሩ አዞረኝ ብላ ፊቷን የሸፈነችው ዋጋዬ ናት። ሌላዋ እኔ ነኝ። አውቄው ሽርሽሬ እንዳይበላሽብኝ ዝም አልኩ። አፈርኩ በራሴ!»

ጭብጧን ከፍታ የፈረከሰችውን ባቄላ አሳየቻቸው።

«በመጨረሻ ንፍሮው። ደረቅ የደሴ ባቄላ ሳይዘፈዘፍ አንድ ሰዓት ተኩል ቢንተከተክ ጥርስ ይሰብራል። ይህ ማታ ተዘፍዝፎ ያደረ ነው። ለቁርሴ ዘፍዝፌው ነበር ብትይኝ አምንሽ ነበር፣ ልጄ። መርዶውን ስሰማ ነው ብለሽ ለምን ዋሸሽኝ?»

በየነ እንደ ነብር ተወርውሮ የዋጋዬን ጉሮሮ አነቀ። ድስቱ ተገልብጦ ንፍሮው ወለሉ ላይ ተበተነ። «ወዳጄን! በላሽው!» እያለ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር ያላትማል። «ናይ! ናይ!» ብሎ በቋንቋው ተው እያለ ኢንስፔክተሩ በስንት ትግል አላቀቀው። የዋጋዬ ከንፈር ተሰንጥቆ ደሙ ነጠላዋ ላይ ይንጠባጠባል፤ አንዴ እንኳ እጇን ለመከላከል አላነሳችም።

«ንፍሮው የወዳጅህ አይደለም» አለችው። «የወንድሜ የዋለልኝ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እጁን በዚያ ቋጠሮ አስረው ገድለው ደጃችን ጣሉት። በጥርሴ ነው የፈታሁት፤ የፈታ ሰው ማሰርም ይማራል። ማልቀስ ክልክል ነበር፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ዋለች። ንፍሮ አልተቀቀለለትም። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ያለን አንድ ሰው የለም።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለች አፀደ ቀስ ብላ።

«ዛሬ ውሃው ዳር ‹ዋለልኝን ታስታውሰዋለህ?› አልኩት። ይቅርታ ቢለኝ ገመዱን ባሕሩ ውስጥ እጥለው ነበር፣ እትዬ። ‹የትኛውን?› አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጫማውን ያስር ጀመር። በመጀመሪያው ምት ወደቀ። እጁን አሰርኩት። ሁለቱን የደገምኩት ከታሰረ በኋላ ነው፤ ልክ እንደነሱ።»

ጌጤ እየተንሰቀሰቀች የመጨረሻውን ቃል ለኢንስፔክተሩ ተረጎመችለት። ኢንስፔክተሩ ከኃይለአብ ፊት ተነሥቶ ካቴናውን አወጣና ወደ ዋጋዬ ሄደ። ጌጤ ወንድሟን አቅፋ ራሱን ሳመችው። ኃይለአብ ግን ከእቅፏ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። በሁለቱ ያበጡ መዳፎቹ ከተበተነው ንፍሮ ጥቂት ፍሬ አጣብቆ አንሥቶ አፉ ውስጥ ጨመረ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ዋጋዬ» አላት።

ካቴናው እጇ ላይ ሲገባ ያላለቀሰችው ዋጋዬ ያኔ ጮኸች፤ አሥራ ስምንት ዓመት የታፈነ ጩኸት ነበር። ጌጤም ጎንበስ ብላ ለቀመች። አፀደም ጉልበቷ እየተንቋቋ ወርዳ አንዲት ሽንብራ አንሥታ በላች። በየነ ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ቀረ።

ኢንስፔክተሩ ግራ ተጋብቶ ወለል ላይ የሚበሉትን ሰዎች አየ። «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብሎ ጌጤን ጠየቃት።

«ልቅሶ እየደረስን ነው» አለችው በኖርዌጅኛ።