የነገሬ ድስት

ነገሬ ወደተከራየው ክፍል ከሚያወጣው የብረት ደረጃ ሥር፣ ሞቶ በጀርባው ተዘርሯል። አንድ ነጠላ ጫማ እግሩ ላይ ነው፤ ሌላው ደረጃው መሃል ቀርቷል። የጣቢያው አዛዥ ለኢንስፔክተር ወርቄ ያሏት አጭር ነበር፤ «አዳልጦት ነው፤ ቶሎ ዝጊው።»

ወርቄ ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ሴት ናት። ነገሬ የወንጀል ዘጋቢ ነበር። እስር ላይ ሳለ ስለሞተ ወጣት ከጻፈ ወዲህ፣ ዐቃቤ ሕጉ ዘርዓብሩክ «ምንጭህን ተናገር፣ አለዚያ ተከሳሹ አንተ ነህ» እያለ ያመላልሰው ነበር። መጥሪያውን አስኮ፣ እዚህ ቤቱ ድረስ አምጥታ የሰጠችው ራሷ ወርቄ ናት። ያን ቀን ነገሬ ከፈረመላት በኋላ «ይግቡ፣ ሻይ ይጠጡ» ብሏት ነበር። አሁን ፊቱን ማየት አፈረች።

«ማታ እንግዳ ነበረው?» ስትል የነገሬን አከራይ እትዬ አልፊያን ጠየቀቻቸው።

«ድምፅ ሰምቻለሁ፤ መብራት ስለጠፋ መልኩን አላየሁም። አላህ ይዘንለትና፣ እንግዳን በር ድረስ ሳይሸኝ ቀርቶ አያውቅም። ሸኝቶ ሲመለስ ሁሌ የድስት ክዳን ይንኳኳል፤ ማታ ግን አልሰማሁም።»

«የምን ድስት?»

«የእኔ ነዋ! ከተዋሰኝ ወዲህ አንድ ቀን ወጥ ሲሠራበት አላየሁም።»

ወርቄ ድስቱን ከመጋረጃው ጀርባ አገኘችው። ውስጡ በፎጣ የተጠቀለለ፣ የተዘጋ የነገሬ ስልክ ነበር።

ዘርዓብሩክን ቢሮው ሄዳ አነጋገረችው።

«ጠርቼዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ቤቱን ግን አላውቀውም» አላት።

«ምንጩ፣ ዱሬቲ የምትባል ነርስ፣ ትናንት ተይዛለች። ስሟን ማን ሰጠዎት?»

«የምርመራ ምስጢር ነው።»

ጽሑፉን ከነገሬ ጋር የሠራው ባልደረባው ዮኤል ዓይኑ ቀልቷል። «አዲሱን ቤቱን ረግጬው አላውቅም» አላት። «ከተጠራ ወዲህ ፈርቼ፣ ቢሮ ብቻ ነው የምንገናኘው።»

በማግስቱ ወርቄ ሦስቱንም የነገሬ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዘርዓብሩክም ስሜ ከጥርጣሬ ይጥራ ብሎ መጣ።

«ከማውራታችን በፊት ስልካችሁን አርቁልኝ» አለች።

ዘርዓብሩክ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። እትዬ አልፊያ ጡታቸው ሥር ሸጎጡት። ዮኤል ስልኩን አጠፋ፤ መጋረጃውን ገለጠ፤ ድስቱን ከፍቶ ከተተና ከደነው። እጁ ክዳኑ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

«ቤቱን ሳታውቅ ድስቱን እንዴት አወቅኸው?» አለች ወርቄ ቀስ ብላ። «ነገሬ የሚፈራው ሰው ቢመጣበት ስልኩን አይደብቅም፤ ይቀዳዋል እንጂ። እንዳይጠለፍበት ድስት ውስጥ የሚከተው ከሚያምነው ሰው ጋር ስለ ምንጩ ሲያወራ ነው። ስልኩን የሚያነሳው ደግሞ እንግዳውን ሸኝቶ ሲመለስ ነው። የሞተ ማታ ክዳኑ አልተንኳኳም፤ ስልኩም እዚያው አደረ። በጨለማ፣ በነጠላ ጫማ የወረደው አንተን ሊሸኝ ነው፤ ሳትወጣም ሞተ። የዱሬቲን ስም የምታውቁት ሁለታችሁ ብቻ ነበራችሁ። እሱ አልተናገረም።»

ዮኤል መሬት መሬት እያየ አወራ።

«ዐቃቤ ሕጉ እከስሃለሁ አሉኝ። ሚስቴ አራስ ናት። የዱሬቲን ስም ሰጠኋቸው። ነገሬ ሲሰማ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ‹ነገ አብረን ሄደን እናቷን ይቅርታ እንጠይቃለን› አለኝ። ደረጃው ላይ ሊያቅፈኝ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። መታቀፉን አልቻልኩትም፤ ገፋሁት። ሲወድቅ ሰው እንኳ ሳልጠራ ሄድኩ።»

እትዬ አልፊያ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

ዘርዓብሩክ ስልኩን አነሳ። «እንግዲህ የገፋው ታውቋል። የእኔ ስም መዝገቡ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«የዱሬቲን ስም በማስፈራራት እንዳወጡትም እጽፋለሁ» አለች ወርቄ። ድምፅዋ ለራሷም አነሰባት።

«ጻፊው፣ ልጄ» አሉ እትዬ አልፊያ። «የጻፍሽውን ግን ለማን ነው የምታቀርቢው?»

ዘርዓብሩክ ክራቫቱን አስተካከለ። የአካባቢው የግድያ መዝገብ ሁሉ የሚቀርበው ለእሱ ነበር። ወርቄ ይህን ስለምታውቅ፣ አሮጊቷን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።