ያልተቆጠሩት ነጥቦች

«የኔን ልጥለው ነው» አለች ፍናን፣ የሶሊያናን ላፕቶፕ ወደ እሷ እያዞረች። «ግራፉን እይው፤ የኔ መስመር ዝብርቅርቅ ያለ ነው። ያንቺ ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል።»

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሁለቱ የአሥረኛ ክፍል ጓደኛሞች የሶሊያና እናት በምትሠራበት፣ አሜሪካ ፌርፋክስ ከተማ ባለ ምግብ ቤት፣ ከኩሽናው አጠገብ ባለ ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ሶሊያና ከጠዋት ጀምሮ ሳህን ስታነሳ ውላ እግሯ ዝሏል።

የቆጠራ ሥራውን የሰጠቻቸው ለሳይንስ ክበባቸው ቤተ ሙከራዋን የከፈተችላቸው ዶክተር ሥርጉት ናት። ሴሎችን በአልትራቫዮሌት ጨረር ትጎዳና የተጎዳ ዲኤንኤ ላይ ብቻ የሚጣበቅ አብሪ ቀለም ትጨምርባቸዋለች። ጉዳት ባለበት ሁሉ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል፤ ሴሉ ራሱን ሲጠግን ነጥቡ ይጠፋል። የልጆቹ ድርሻ በየሰዓቱ በተነሱት ምስሎች ላይ ነጥቦቹን መቁጠር ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ሠላሳ ምስል።

ሶሊያና የቆጠረችው ዘጠኙን ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ባስ ውስጥ ዓይኗ እየተከደነ፣ የቀረውን በግምት ሞላችው። ማንንም አይጎዳም ብላ ነበር።

«ሁለቴ ቼክ አደረግኩት፤ ያው ነው» አለች ፍናን የቀሉ ዓይኖቿን እያሸች። «ሴሎቹ ከተጎዱ ከስድስት ሰዓት በኋላም ያልጠፉ ብዙ ነጥቦች አሉ። መቁጠር አልችልም መሰለኝ። ሶ፣ ለዶክተር ያንቺን ብቻ ብንልክላትስ?»

ሶሊያና ቀጥ ብሎ የወረደውን የራሷን መስመር አየች። ዝም ካለች ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ ቤቷ ሄዳ ጋደም ትላለች።

«ሶሊ፣ አልጨረሳችሁም?» አለች እናቷ ከኩሽና።

«ትንሽ ቀረን፣ እማዬ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፍናን፣ ያንቺን እንዳትጥይው።»

«ለምን?»

«የኔን አልቆጠርኩትም። ዘጠኙን ብቻ ነው። ሌላውን ዝም ብዬ ነው የሞላሁት።»

ፍናን እጇን ከላፕቶፑ አነሳች። «ትናንት እኮ አልቅሻለሁ» አለች። «ደደብ ነኝ ብዬ።»

«ይቅርታ።»

«ለዶክተር ማን ይነግራታል?»

«እኔ። ሰኞ።»

ፍናን ቦርሳዋን አንግታ፣ ሳትሰናበት ወጣች።

ሶሊያና ተከትላት ልትወጣ ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች። በግምት የሞላችውን ሁሉ አጠፋችው። ከዚያ አሥረኛውን ምስል ከፈተች፣ ጣቷን በስክሪኑ ግራ ጥግ አሳረፈች፣ መቁጠር ጀመረች።