የማየስትሮው ሙሾ

«ኧረ አንች ልጅ! ይኼን ዜማ ምን ብለሽ ነው የምታንጎራጉሪው?»

የዓለምወርቅ ደንግጣ የምታጥበውን ነጠላ ለቀቀችው። የቀሃ ወንዝ ይዞት ሊሄድ ሲል እናቷ እናኑ ዘላ ጫፉን ያዘች።

«ምንም አይደል እማ። በትምህርት ቤት የምናጠናው መዝሙር ነው።»

«መዝሙር? እኔ በአያ ፈጠነ ቀብር ላይ ያወረድኩት ሙሾ አይደለም እንዴ! ቃሉን ብትተይው ዜማው የሚጠፋኝ መሰለሽ?»

እናኑ የታወቀች አልቃሽ ናት። ሰው ሲሞት ከአዘዞ ሳይቀር በቅሎ ይላክላት ነበር። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ግን ማንም ቤት ሄዳ ሙሾ አላወረደችም። በዚያ ወር ከሳንጃ የመጣ አንድ ነጋዴ፣ «ይባረክ ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ ወደቀ አሉ» ብሎ በሹክሹክታ ነገራቸው። ይባረክ የበኩር ልጇ ነው፤ አርበኞችን ተከትሎ አርማጭሆ ከወረደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጎረቤቶች ሊያስተዛዝኑ ሲመጡ እናኑ በሩ ላይ ቆማ፣ «ልጄ አልሞተም፤ ግቡና ተጫወቱ እንጂ አታልቅሱ» አለቻቸው። የዓለምወርቅ ግን ማንም በማያያት ቦታ ስንት ጊዜ አልቅሳለች።

አሁን መደበቁ እንደማያዋጣ ገባትና ሁሉንም ዘረገፈችው። በጣሊያን መነኮሳት ትምህርት ቤት የሚዘምሩትን ልጃገረዶች ወደ አዲሱ ሲኒማ አዳራሽ ይወስዷቸዋል። እዚያ ማየስትሮ ፔሊ የሚባል ሽበታም ጣሊያን የሙዚቃ መሪ ለሕማማት የሚቀርብ ሙዚቃ ያዘጋጃል። ቃሉ በላቲን የተጻፈ ጥንታዊ መዝሙር ነው፤ ልጇ ሲሰቀል ከመስቀሉ ሥር ቆማ ስለምታለቅስ እናት። ማየስትሮው፣ «ብዙዎች በየዘመናቸው ዜማ ሠርተውለታል፤ እኔ ደግሞ ለዛሬ ሰው ጆሮ እሠራዋለሁ» ይላል። ለኦርኬስትራው ቫዮሊን የሚጫወቱትን ከአስመራ አስመጥቷል። አንድ ቀን የዓለምወርቅ ወንበር ስትደረድር ይህን ሙሾ ስታንጎራጉር ሰማትና፣ «ይህን ዜማ መሐል ላይ አስገባዋለሁ፤ ብቻሽን ትዘምሪዋለሽ» አላት።

«በጣሊያን ሹማምንት ፊት?»

«አዎ፣ እማ።»

እናኑ ነጠላውን ጠምዝዛ ውሃው እስኪያልቅ ጨመቀችው። የዓለምወርቅ ቁጣውን አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

«እስቲ ነገ ወስደሽ አሰሚኝ» አለች እናቷ።

በማግሥቱ እናኑ አዳራሹ ገብታ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ተቀመጪ ቢሏት እምቢ አለች። ነፊዎቹ መሣሪያቸውን ሲሞክሩ ሳቋ መጣ። «ያን ጉንጫም እይው፤ ወናፍ ይመስላል እኮ!» ብላ በልጇ ጆሮ ሹክ አለች። የዓለምወርቅም ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች።

ከዚያ ቫዮሊኖቹ በቀስታ ጀመሩ። ሲቃ የያዘው ሰው ይመስል ትንሽ እየሄዱ ያርፋሉ፤ እንደገና ይነሳሉ። ወፋፍራም ድምፅ ያላቸው ትልልቆቹ ቫዮሊኖች ከታች ተቀበሏቸው። ልጃገረዶቹም ላቲኑን ተከትለው አዜሙ፤ የዓለምወርቅ ተራዋ እስኪደርስ ከእናቷ አጠገብ ቀረች። እናኑ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እስኪጨርሱ ዓይኗን ሳትነቅል አዳመጠች።

«ሸጋ ነው» አለች ሲያርፉ። «ያ ሽማግሌ ሐዘን ያውቃል። እናቲቱ ቆማ እያየችው ነው ልጇ የሞተው?»

«አዎ። በዓይኗ እያየች።»

«እንግዲያማ ታልቅስ። አይታለች።» እናኑ ወደ ልጇ ዞረች። «እኔ ግን አላየሁም፣ የኔ ዓለም። ልጄን በወሬ አልቀብረውም።»

የዓለምወርቅ አምስት ወር ሙሉ አፏ ላይ ሲመላለስ የኖረው ጥያቄ አመለጣት።

«ባይመለስስ፣ እማ?»

«ቁርጡን ያወቅን ዕለት አለቅሳለሁ። አንችም ታግዥኛለሽ።» እናኑ በነጠላዋ ጫፍ የልጇን ጉንጭ ጠረገች። «መዝሙሩን አልከለክልሽም። ድምፅሽ የራስሽ ነው።»

ማየስትሮው በቀጭን በትሩ መቆሚያውን ኳ ኳ አደረገ። «የዓለምወርቅ! ተራሽ ነው።»

በወንበሮቹ መካከል አልፋ ፊት ለፊት ቆመች። ይህን ሰዓት ስትናፍቀው ሰንብታለች፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ እሷን ብቻ ሲሰማ በሐሳቧ ስንት ጊዜ አይታለች። ትልልቆቹ ቫዮሊኖች አንድ ረጅም ድምፅ ጀምረው ጠበቋት። አፏን ከፈተች። የቫዮሊኖቹ ድምፅ ረዘመ፣ ሳሳ፣ ቆመ።

«ምነው? ረሳሽው?» አላት ማየስትሮው በተሰባበረ አማርኛው።

«አልረሳሁትም። ከጓደኞቼ ጋር ሌላውን ሁሉ እዘምራለሁ። ይህ ሙሾ ግን በእኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ ብቻ ነው የሚወርደው። ይቅርታ፣ ማየስትሮ፤ አልችልም።»

ማየስትሮው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ እሱ ሌላው እንዳይሰማ ወደ እሷ ዝቅ አለ።

«ስታንጎራጉሪ የሰማሁሽ ዕለት ከልብሽ ነበር» አላት። «የሞተብሽ ሰው አለ፤ አይደል?»

የዓለምወርቅ ዞር ብላ ወደ በሩ አየች። እናቷ እንደቆመች ናት።

«የለም» አለችው። «የሞተብን ሰው የለም።»

ከዚያም ወደ ጓደኞቿ ሄዳ በሰልፉ መሐል ቦታዋን ያዘች።