ሳንቲሙ ላይ ከኋላ የቆመችው

«ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይባላል።

እኔ ነበርኩ። የቀበርኩት ሰው ግን የለም...

ስለዚህ የማወራላችሁ ግማሹን ብቻ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ከደረሰብኝ ላይ አንዲት ነገር አልጨመርኩም።

የጀመረው ማክሰኞ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ከላይ ፎቅ ለጉብኝት የመጡ ተማሪዎች ጫጫታ ይሰማል። አስፈሪ ነገር ጨለማ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። አይጠብቅም።

አባቴና እኔ የምንሠራው ሙዚየም ውስጥ፣ በጓሮ በኩል ባለች አንዲት ክፍል ነው። እሱ ከመሬት የወጡ ጥንታዊ ሳንቲሞችን ያጸዳል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሳንቲሞቹን እመዝናለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ካርድ ላይ እመዘግባለሁ። ባልደረቦቻችን «አባትና ልጅ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» እያሉ ይቀልዱብናል።

ሥራው ትዕግሥት ነው። የተጣራ ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጫፉ የሾለ የእንጨት ስንጥር፣ ማጉሊያ መነጽር። በቃ።

የነሐስ ሳንቲም ብዙ ዘመን ተቀብሮ ሲቆይ ላዩ ላይ አረንጓዴ ነገር ያወጣል። ሰው ዝገት ይለዋል። አባቴ ይህን ሲሰማ ይቆጣል። «ዝገት አይደለም፣ ቆዳው ነው። ፊቱ ያለው እሱ ላይ ነው። ቆዳውን ከገፈፍሽ ፊቱን ገፈፍሽ» ይለኛል። ተለማማጅ ሳለሁ አንዱን ሳንቲም ጠንከር አድርጌ ብፍቅበት ሁለት ሳምንት አኩርፎኛል። ይህን ልብ በሉልኝ።

ያን ማክሰኞ ከሣጥኑ ያነሳው ሳንቲም ባለ ሁለት ራስ ነበር። ንጉሥና ንግሥት። እንዲህ ዓይነቶቹ ለእኛ አዲስ አይደሉም። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ያያሉ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላው። የእሱ ፊት ሙሉ ነው። የእሷ በእሱ ተሸፍኖ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የሚታየው። ትንሽ ግንባር፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ አገጭ።

አባቴ ማጉሊያውን እንዳደረገ ቀረ...

አጠገቡ ያስቀመጥኩለት ሻይ ቀዘቀዘ።

«አባዬ?»

«አፍንጫዋን እዪው» አለኝ በሹክሹክታ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት።

መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለ አፍንጫ። የእናቴ አፍንጫ ነበር። እኔም የወረስኩት እሱኑ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲቀለድብኝ ስለኖረ ከማንም አፍንጫ ጋር አላምታታውም።

እናቴ ከሞተች ስምንት ወሯ ነበር።

እናቴ ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር። ካሜራ ስታይ አባቴ ጀርባ ትገባለች። ቤታችን ያሉት ፎቶዎች ሁሉ እንዲያ ናቸው፤ የሠርጋቸው እንኳ ሳይቀር። አባቴ ደረቱን ነፍቶ ከፊት ይቆማል። ከትከሻው በላይ ግማሽ ግንባርና የአፍንጫ ጫፍ ብቅ ይላል። እኔ ከተወለድኩ ወዲህ ባሉት ደግሞ ትንሿ እኔ ከሁለቱም ፊት፣ ጥርሴን አውጥቼ። «እማዬ፣ አባዬ ላይ የበቀልሽ ትመስያለሽ» እያልኩ እስቅባት ነበር። እሷም ትስቃለች።

ወደ ቤት ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ አባቴ ጠጋ አለኝ።

«ፊቷ ጠፋኝ» አለ።

«የማን?»

«የእናትሽ። ድምጿ ይመጣልኛል። እጇ ይመጣልኛል። ፊቷን ስፈልግ ግን ዳሩ ብቻ...»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ ‹ነይ፣ አንቺ ከፊት ቁሚ› አላልኳትም።»

አንጀቴን በላው። ያን ቀን አቅፌው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር፤ አፈርኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሳንቲሙን መዘንኩት። ሰባት ነጥብ አራት ግራም። ካርዱ ላይ ጻፍኩ።

ከምሳ ስመለስ አባቴ ስንጥሩን ይዞ ይፍቃል። ካልጠፋ ቦታ የንጉሡን ጉንጭ። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ዱቄት ተከምሯል።

«አባዬ፣ ቆዳው...»

«ትንሽ ዞር ይበልላት» አለኝ። ቀና እንኳ አላለም።

ሐሙስ ጠዋት መዘንኩት። ሰባት ነጥብ ስድስት።

የተፋቀ ነገር ይቀላል እንጂ አይከብድም። ሚዛኑን አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። ሌላ ሳንቲም ጫንኩበት፤ የሌላው ልክ ነው። ያንኑ ሳንቲም መልሼ ጫንኩ... ሰባት ነጥብ ስድስት። ነገሩን በሆዴ ያዝኩት።

የዚያኑ ዕለት አባቴ ስልኩን ሊከፍት አውራ ጣቱን አስነካ። ስልኩ እንቢ አለው። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ደገመ። እንቢ።

እጁን ተቀብዬ አየሁት። አውራ ጣቱ ላይ አንድም መስመር የለም። ያለቀ ሳሙና ይመስላል።

«ስንጥሩ በልቶት ነው» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ዓርብ ጠዋት በር ላይ ሃምሳ አለቃ የምንለው የጥበቃ ሠራተኛ አለ። ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሳይተራረቡ ውለው አያውቁም። እኔን እንደ ልማዱ ሰላም አለኝ። አባቴን ግን እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ማንን ፈልገው ነው?»

የተለመደው ቀልዱ መሰለኝ። ይብቃህ አልኩት። ሃምሳ አለቃ ግራ ተጋብቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ልጄ፣ ሰውዬው አብረውሽ ናቸው?»

እየቀለደ አልነበረም...

አባቴ አልተከራከረም። አንገቱን ደፍቶ የጎብኚ መዝገብ ላይ ፈረመ። የጎብኚ ካርድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ወደሠራበት ክፍል ገባ።

መስኮቱ ጋ፣ በደህና ብርሃን አየሁት። ያው አባቴ ነው። ግን ግንባሩ ላይ የነበሩት መስመሮች የሉም። ቅንድቡ ሳስቷል። በልጅነቱ ከአጥር ወድቆ ያገኘው የአገጩ ጠባሳ የለም። ብዙ እጅ የዳበሰው ገንዘብ ይመስል ነበር።

ሳንቲሙን አነሳሁት። የንጉሡ ፊት ጠፍቷል። እሱ በነበረበት ቦታ የሴት ጉንጭ ወጥቷል። ከጉንጩም በላይ አንድ ዐይን።

ሳንቲሙን አልመለስኩለትም። ካቢኔ ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። አባቴ አልተቆጣም። መቆጣት ነበረበት።

ቅዳሜና እሁድን የሠርጉ ፎቶ ፊት ለፊት ተቀምጦ አሳለፈው። ያቀረብኩለትን ምግብ ቀመስ አድርጎ ይተወዋል። ለጎረቤታችን እትዬ በሩን ከፍቼላቸው ገብተው «እንግዳ አለብሽ እንዴ?» ብለው ተመለሱ።

እሁድ ከሰዓት አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ዐይኗን አየሁት» አለኝ ቀስ ብሎ። «አፏ ቀረኝ።»

«አባዬ... አንተ እያለቅህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔስ?»

ብዙ አየኝ። ዐይኑ ብቻ ነበር የቀረው፤ ዐይኑ የአባቴ ዐይን ነበር።

«አንቺንማ ሁልጊዜ ከፊት ነው ያቆምንሽ» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሰጠሁት።

ትፈርዱብኝ ይሆናል። ፍረዱ። ግን እውነቱን ልናገር ብያለሁ። ለእሱ ብቻ አዝኜ አይደለም። እሁድ ሌሊቱን ሙሉ ስሞክር አድሬ፣ እኔም የእናቴ አፍ ትዝ አላለኝም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሻይ ላመጣ ወጣሁ። ሻዩ የሚቀዳው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። በራችን ከዚያ ይታያል። ክፍሏ ሌላ በር የላትም፤ መስኮቷም ፍርግርግ አለው። ማንም አልወጣም። ማንም አልገባም።

ሁለት ብርጭቆ ይዤ ተመለስኩ።

መብራቱ በርቷል። ማጉሊያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ስንጥሩ እርጥብ ነው። የዓርቡ የጎብኚ ካርድ ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ወንበሩ ይሞቃል...

ሻዩን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ሳንቲሙ ነጭ ጨርቅ ላይ ነበር። እናቴ ናት። ከፊት፣ ሙሉ ፊቷ። አፏ ሊስቅ ሲል የሚያደርገውን ያደርጋል። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ቆሜ አለቀስኩ።

ከኋላዋ ዳር ዳሩ ብቻ የሚታይ ሌላ ሰው አለ። ትንሽ ግንባር። የአፍንጫ ጫፍ። አገጭ። አገጩ ላይ ጠባሳ።

ፖሊስ ጠራሁ፤ መጥቶ ጠየቀ። ሃምሳ አለቃ «ልጅቷ ጠዋት ብቻዋን ነው የገባችው» ብሎ ማለ። አይዋሽም፤ ያን ጠዋት አባቴ አጠገቤ ሲያልፍ አላየውም፤ ያየውን ነው የተናገረው። እትዬም እናትሽ ከሞተች ወዲህ ብቻሽን ነው የምትኖሪው አሉኝ። ስለ አባቴ ለቅሶ የሚደርሰኝ አንድ ሰው የለም። ማን ሞተብኝ ልበል?

ይህ ከሆነ ሦስት ወር ሞላው።

ሥራዬን እሠራለሁ። ሳንቲሙ ላይ ስንጥር አላነሳሁም፤ እምላለሁ። ጠዋት ጠዋት እመዝነዋለሁ። ከዚያ ማንም ሳይመጣ የእማዬን ጉንጭ በአውራ ጣቴ አንዴ ዳበስ አደርጋለሁ። አንዴ ብቻ።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ አውራ ጣቴን እንቢ አለው። ይህን የምጽፍላችሁ በቁጥር ከፍቼው ነው።

አልፈራሁም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ፍርሃቱን ከናፍቆቱ መለየት አቅቶኛል።

ቅድም ማጉሊያውን አድርጌ አየሁት። አባቴ ከኋላ ነው። እናቴ ከፊቱ። ከሁለቱም ፊት፣ እናቴ አንገት ሥር፣ ትናንት ያልነበረ ቀጭን መስመር አለ...

ትንሽ ግንባር ነው። የልጅ ግንባር። ከግንባሩ ሥር ትንሽ አፍንጫ፣ መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለ።