ብልቃጡ ውስጥ ያለችው

«ዓይንሽን አስጠጊና እዪ» አለቻት የላብራቶሪ ባለሙያዋ።

ድንቢጥ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነበር። ባለሙያዋ ማስተካከያውን ቀስ አድርጋ ስታዞረው፣ ቀጫጭንና ረዘም ያሉ ነገሮች ጎን ለጎን ተኝተው ታዩ። ከመካከላቸው አንዱ ክብ ሆኖ ለሁለት ሊከፈል ደርሷል።

«እሷ ናት?»

«የእሷ ሴሎች ናቸው። ታማ ሳለች ከክንዷ ከወሰድነው ቁራጭ ቆዳ ያሳደግናቸው።»

«በሕይወት አሉ ማለት ነው?»

«አዎ፣ እንመግባቸዋለን፤ ያድጋሉ።»

ድንቢጥ ደንገጥ ብላ ቀና አለች። እህቷን ከቀበሯት ሁለት ዓመት አልፏል። ለካስ እዚህ፣ ድንቢጥ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በምታልፈው ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ ብልቃጥ ውስጥ ሆና እየበላች እያደገች ነበር።

«ድንቢጥ» ያለቻት ራሷ እህቷ ናት። «ስትወለጂ እኮ እፍኝ አትሞዪም ነበር» እያለች ትፎግራት ነበር። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በቁመት እህቷን አልፋታለች፤ ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀረ።

እህቷ አንገቷ ላይ እጢ ወጣባትና ሐኪሞች ጨረር አዘዙላት። ያንኑ ያህል ጨረር የወሰዱ ሌሎች ሕመምተኞች ቆዳቸው ትንሽ ቀልቶ ወደየቤታቸው ሄዱ። የእሷ ግን ቆሰለ፤ ቆስሎም አልድን አለ። የወሰዳት እጢው አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው። ድንቢጥ እቤት ትይዩ አልጋ ላይ ሆና ሁሉንም አይታለች። ዛሬም ዝም ያለ ክፍል ውስጥ ስትሆን፣ ፈተና ላይ እንኳ ሳይቀር፣ «እባክሽ አዙሪኝ» የሚል የእህቷ ድምፅ ይሰማታል።

አሁን ደግሞ እጢው በእሷም አንገት ላይ ወጥቷል።

«ጨረር የማንንም ሰው ዲኤንኤ ይበጣጥሳል» አለች ባለሙያዋ ወንበሯን ወደ ድንቢጥ እያዞረች። «ሴሎቻችን ግን የተበጠሰውን መልሰው ይጠግኑታል። አንዳንድ ሰው መጠገኛው ከውልደቱ ጀምሮ የተበላሸ ነው። እህትሽ እንደዚያ ነበረች ብለን እንጠረጥራለን። ባለፈው ካንቺ የወሰድነው ቆዳም አድጓል። እናትሽ ከፈቀዱ የሁለታችሁንም ጨረር ውስጥ አስገብተን እናያለን። ያንቺ በደንብ ከጠገነ ሕክምናውን ትጀምሪያለሽ። እንደ እሷ ካልጠገነ ደግሞ ጨረሩ ይቀርና ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።»

«የእኔን ብቻ ብታዩስ?»

«ከምን ጋር እናስተያየዋለን? ደግሞ የእሷ ሴሎች እየደከሙ ነው። ሴል ለዘላለም አይከፈልም። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው።»

«እና እማዬ ለምን እንቢ አለች?»

ባለሙያዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት ጓንቷን አወለቀች። «አልነገሩሽም እንዴ? እናትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ።» ጥግ ላይ ወዳለው ቁም ሣጥን የሚያክል ማሞቂያ ጠቆመች። «ሴሎቹ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ውስጡ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል ስላቸው፣ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ይሂዱ ማለት አቃተኝ።»

ቅዳሜ! እናቷ ገበያ ሄጄ ነው ብላ ባዶ ዘንቢል ይዛ የምትመለስበት ቀን። «ምኑ ይገዛል፣ ሁሉም እሳት ሆኗል» ትላለች፤ ድንቢጥም ታምናት ነበር።

እናቷን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት።

«እማዬ፣ ገበያው እንዴት ነው?» ልታናድዳት ነበር ያሰበችው፤ ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

እናቷ ወዲያው ገባት። መሬት መሬቱን እያየች፣ «ያን ጊዜ ለጨረሩ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ብቻዋን አስገቧት። ያንን ወፍራም በር ዘጉባት። እኔ ውጭ ቆሜ ‹አይዞሽ፣ ይሻልሻል› እላለሁ። አሁን ደግሞ በገዛ አፌ ድጋሚ አቃጥሏት ልበል?»

«እኔስ?»

«አንቺማ... የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። እኔ ከእንግዲህ በልጅ ላይ አልፈርድም። አንቺ ያልሽው ይሁን፣ የኔ እናት።»

ድንቢጥ ተናደደች። ይህን ሸክም ልጅን ያሸክማሉ? እንቢ ብትል ይቀላል። ሴሎቹ በሰላም እስኪያልቁ እናቷ ማሞቂያው አጠገብ ትቀመጣለች፤ እሷም «ያንቺም እንደ እህትሽ ነው» የሚለውን ቃል አትሰማም። ጓደኛዋ «ባታውቂው አይሻልም? ተይው ባክሽ!» ብላታለች። አለማወቅ ሞቅ ያለ ብርድ ልብስ ነው፤ ግን ከሥሩ ሆኖ «አዙሪኝ» የሚለው ድምፅ አይቀርም። ፈራች። በጣም ፈራች።

«ነይ እንግባ» አለች በመጨረሻ፣ የእናቷን እጅ ይዛ።

ባለሙያዋ ሁለት ጠፍጣፋ ብልቃጦች አውጥታ ሳህን ላይ አስቀመጠች። በሁለቱም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀላ ያለ ነው፤ መጠኑም አንድ ነው።

«የትኛው ነው የእሷ?» አለች እናት።

«በግራ በኩል ያለው።»

እናቷ እጇን ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው። «ያማታል?»

«ሴል አያመውም፣ እናቴ።»

እናቷ ያመነች አትመስልም። ድንቢጥ ራሷም ማመኗን እርግጠኛ አልነበረችም።

«እማዬ፣ እዪኝ» አለች። «ዛሬ ብቻዋን አይደለም የምትገባው። እኔም አለሁ። እሺ በያቸው።»

እናቷ ወደ ባለሙያዋ ዞራ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

በብልቃጦቹ መሃል ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ነበር። ባለሙያዋ ሳህኑን ከማንሳቷ በፊት ድንቢጥ የራሷን ብልቃጥ ገፋ አድርጋ ከእህቷ ጋር አስነካችው።