ሳይጠይቅ የመለሰ ማሽን

የባለፋርማሲው ሚስት ሶፋዋ ላይ እንደተቀመጠች ሞታ ተገኘች። ስልኳ ጭኗ ላይ ነበር። «ራሴን አመመኝ» ብላ ከጻፈችው ቀጥሎ ወዲያው የመጣው የመጨረሻው መልእክት፣ «ለራስ ምታቱ ከነጩ ክኒን ሁለት ይዋጡ» ይላል። ላኪው ለበሽተኞች በስልክ መልስ የሚጽፈው የፋርማሲው ማሽን ነው። ነጩ ክኒን ደግሞ በዚያው ጠዋት ከጀመረችው የልብ መድኃኒት ጋር አይስማማም።

አዛውንቱ ባሏ ጥግ ይዘው «የኔ ቃል ነው የገደላት» ይላሉ።

ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» የሚሏት መርማሪ የማሽኑን ሠሪ፣ የቤቱን አማች፣ ጠራችው።

«ይሄ ነገር ያስባል?»

«ከሰው በላይ!» አለ፤ ሬሳው ትዝ ሲለው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማለቴ… የአባባን የሠላሳ ዓመት ደብተር ተምሯል። በሽተኛው ያለውን፣ እሳቸው የጠየቁትን፣ የሰጡትን።»

«መልሱን ሰው ሊቀይረው ይችላል?»

«ፋርማሲው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ሁሉ። ትናንት ሦስታችንም ነበርን።»

ሦስተኛው፣ ሃያ ዓመት መድኃኒት ሲያቀብል የኖረው ረዳት ነው። በወሩ መጨረሻ ቦታውን ለማሽኑ እንዲለቅ ተነግሮታል።

«በቀቀን ነው እኮ፣ እህቴ» አላት። «ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ይጨርሳል።»

መርማሪዋ በስልኳ ለማሽኑ ጻፈች፤ ጥርሴን አመመኝ። «ዛሬ ምን ወስደዋል?» አላት። ወገቤን አለች። «ዛሬ ምን ወስደዋል?» ውሻዬ ታሟል አለች። «ዛሬ ምን ወስደዋል?»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ፋርማሲው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ብልህ ይሁን አይሁን አላውቅም» አለች። «ግን ለውሻም ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ማለፍ አልተማረም። ለእሜቴ ግን ሳይጠይቅ መለሰ። ስለዚህ የመለሰው ሰው ነው። ጋሼ ይህን ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ዘለውት አያውቁም። አማች የገዛ ማሽኑን ገዳይ አያሰኝም። እዚህ ባንኮኒ ላይ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ሲያቀብል ኖሯል። ትናንትም አቀባዩ እንደለመደው አቀበለ።»

ረዳቱ ባንኮኒውን ተደገፈ።

«ሆዷን ትንሽ ይቆርጣታል ብዬ ነው… ማሽኑ ተሳሳተ እንዲባል። የልብ መድኃኒት መጀመሯን በምን አውቄ!»

አዛውንቱ ተነሱ። «ልጄ ያልኩህ! ከከፋህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማክሰኞ ነገርኩዎት፣ ጋሼ። ‹ከእንግዲህ ወዴት ልሂድ?› ስልዎት ‹ማሽኑን ጠይቀው› ብለው ሳቁብኝ።»

መርማሪዋ ወደ አዛውንቱ ዞረች። «ብያለሁ» አሉ። «የኔ ቃል ነው የገደላት።»